የአበጋዝ ለቅሶ

ቅዳሜ ጠዋት ደሴ ላይ፣ በባሌ እህት ሳሎን ውስጥ፣ ለውሻ ለቅሶ ተቀመጥኩ። ቀልዴን አይደለም። ጎረቤታቸው ሀያት ጥቁር ሻርፕ ደፍታ፣ በአንድ እጇ ገና የሚተን ዳቦ፣ በሌላው የሻይ ፔርሙስ ይዛ፣ ከበሩ ጀምራ "አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ፤ አብሽሩ፣ አብሽሩ" እያለች ገባች። ባሌን ወንድማገኘሁን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ አጽናናችው። ወደ እኔ ስትዞር ግን እቅፍ አደረገችኝና እንባዋ መጣ። ሟቹን የወንድማገኘሁ የቅርብ ዘመድ አድርጋዋለች። የባሌ እህት እትዬ ቦጋለች ሳምንቱን ሙሉ በስልክ "አበጋዝ ሞቶበት ወንድሜ እህል አልቀምስ ብሏል" እያሉ ሲያወሩ በግድግዳው ሰምታለች፤ ትናንት አመሻሽ ላይ መግባታችንን ስታይ ደግሞ ሐዘንተኛው መጣ ብላ ዳቦ ስትደፋ አደረች። ምን በደለች? የወሎ ሰው ለቅሶ ሰምቶ ቤቱ አይቀመጥም። ታሞ ነው ወይስ ድንገተኛ ብላ ጠየቀች፤ መኪና ገጭቶት ነው ተባለች። ልጆች ትቶ እንደሆነ ጠየቀች፤ እትዬ ቦጋለች ፈጠን ብለው "አልወለደም" አሉ።

አበጋዝ ውሻ ነው ልላት አፌን ስከፍት እትዬ ቦጋለች ከማዶ ሶፋ ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። ዋጥኩት። ወንድማገኘሁ፣ የመካነ ሰላም ልጆችን ጂኦግራፊ የሚያስተምረው ሰው፣ ምንጣፉን እያየ ለእያንዳንዱ ምርቃት "አሜን፣ አሜን" ይላል። ሀያት ዳቦውን ቆርሳ ለሁላችንም አደለች፤ ሻዩን ቀዳች፤ ሰው ከአላህ ውሳኔ የትም እንደማይሸሽ ነገረችን። እኔም የውሻ ምራት ሆኜ ተቀምጬ በላሁ። ዳቦው ደግሞ ሲጣፍጥ፤ ጥቁር አዝሙድ አለበት።

ስለዚህ ውሻ ልንገራችሁ። ወንድማገኘሁ እኔን ከማግባቱ በፊት ነው ያሳደገው፤ የሰው ስም ያወጣለትም እሱ ነው። እኔ ወደዚያ ቤት ሙሽራ ሆኜ ስገባ አበጋዝ በሩ ላይ ተጋድሞ ነበር፤ ተራምጄው ገባሁ። ባሌ ከትምህርት ቤት ሲመለስ መጀመሪያ ሰላም የሚለው እሱን ነው። ከሥጋው ላይ ጮማውን ለይቶ የሚያስቀምጥለት ለእሱ ነው። ይህን ሁሉ እንደ ቀልድ አልፌው ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ያመጡትን ግን ማለፍ አቃተኝ። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ሁለቱ ተያይዘው ይወጣሉ፤ ዓይን ለዓይን መተያየት እስኪያቅት ድረስ አይመለሱም። አንድ ቀን እኔም ልምጣ ብለው "ብርዱ አይበጅሽም" አለኝ። ሌላ ቀን ነጠላዬን ለብሼ በሩ ላይ ብጠብቀው ጭራሽ ሳይወጣ ቀረ፤ እኔ ልተኛ ወደ ጓዳ ስገባ ነው ውልቅ ያሉት። ተቀናቃኜ ሴት ብትሆን ስሟን ጠርቼ ሽማግሌ እሰበስብ ነበር። ውሻ ነው ብዬ ለማን አቤት ልበል?

ካለፈው ዓመት ወዲህ ያልኩት፣ ልጅ ሞቶ የተወለደብኝ ያኔ ስለሆነ ነው። ብዙ ደም ፈስሶኝ ራሴን ስቼ ነበር፤ ስነቃ ሁሉም ነገር አልቋል። ክርስትና ላልተነሣ ልጅ ድንኳን አይተከልም፣ እድር አይጠራም፤ ማንም ነጠላውን አላዘቀዘቀልኝም። ሴቶች አጥሚት ይዘው እየመጡ "እግዜር ይተካልሽ" ብለውኝ ሄዱ። በሬ ለሞተበት፣ ላም ለጠፋችበት ሰው የሚባለውን ነው ያሉኝ። ወንድማገኘሁ የጓዳው በር ላይ ቆሞ "አሜን" አለ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። የት ተቀበረ ብዬ ስጠይቅ፣ ያሳደገችው አክስቱ ብዙዬ አፌን በመዳፏ ከደነችው፤ እናት ቦታውን ካወቀች ሆዷ እዚያው ይቀራል፣ ሌላ አትፀንስም ይላሉ። ወንድ ይሁን ሴት እንኳ የነገረኝ የለም። ባሌም ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ነገር አንሥቶት አያውቅም፤ አንዲት ጠብታ እንባ ከዓይኑ ሲወርድ አላየሁም። እንባ የሌለው ሰው ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ባለፈው ሳምንት የጭነት መኪና አበጋዝን ሲገጨው ግን መንገድ መሀል ተንበርክኮ፣ ተማሪዎቹ እያዩት፣ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። እናቴ የፈተለችለትን ጋቢ አውልቆ ገነዘው።

ስለዚህ ደሴ የመጣሁት ለመዝናናት አልነበረም። እትዬ ቦጋለች ደውለው "ቅዳሜና እሁድን እኔ ጋ ይምጣ፣ አየር ይለውጥ" ሲሉ ወንድማገኘሁ እሺ አለ። ልጁ የሞተብኝ ጊዜ ደሴ ውሰደኝ፣ ሰው ልይ ብዬ ለምኜው መንገዱ አያስተማምንም ያለኝ ሰው፣ ለውሻው መንገዱ ተከፈተለት። እኔም ከሁለት ቀን ልብስ የሚበልጥ ሻንጣዬ ውስጥ ጨመርኩ። እህቴ ዓባይነሽ ኮምቦልቻ ናት። እሱ እሁድ ወደ መካነ ሰላም ሲሳፈር እኔ ወደ ታች እወርዳለሁ፤ ወርጄም አልመለስም። ከአቀስታ እስከ ጊምባ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተጣብቀን ስንመጣ፣ ይህን ሳስብ እሱ በመስኮት ገብሱን እያየ ነበር።

ሀያት ከሄደች በኋላ እትዬ ቦጋለች ወንድማቸውን ከተማ ሊያዞሩት ተነሡ። ብርድ ልብስ ነጋዴ ናቸው፤ የተኛንበት ክፍል እስከ ኮርኒሱ ድረስ በላስቲክ በታሸገ ብርድ ልብስ ስለተሞላ ሌሊቱን ያደርኩት መጋዘን ውስጥ ነው ብል አልዋሸሁም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የቀራቸው ወንድማቸው ብቻ ነው፤ እሱን ሲያዩ ደግሞ እኔ ከዓይናቸው እጠፋለሁ። ፒያሳ እስክንደርስ ክንዱን ይዘው ከፊት ይሄዳሉ፤ እኔ የገዙትን በፌስታል ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። ጉሙ ከጦሳ ላይ ገና አልተነሣም፤ የደሴ ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ፀጉር ቤት አስገቡት። ጃኬት አስለኩት፤ ሻጩ የጠራውን ዋጋ ሰምተው "ከነሱቁ ነው እንዴ?" ብለው ወጡ፤ ሻጩ እስኪጠራቸው ቀስ ብለው ሄዱ፤ ሲጠራቸው ተመለሱና ገዙለት። ለእኔ ካልሲ አነሡ። ለብርዱ ይሆንሻል አሉኝ፤ ይሆነኛል አልኩ። ከዚያ ጭማቂ ቤት ገባን። ስፕሪስ አንዱ ብርጭቆ መቶ ሃያ ብር ገብቷል፤ እትዬ ቦጋለች ይህንን ለአስተናጋጇ፣ ለጎናችን ተቀማጮችና ለእኛ በየተራ ነገሩ።

ወንድማገኘሁ እዚያ ጭማቂ ቤት ውስጥ አፉ ተፈታ። አበጋዝ የእግሩን ኮቴ ከሩቅ እንዴት እንደሚለይ፣ የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል እንዴት ጆሮውን እንደሚያቆም፣ ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ እንዴት እንደሚነግረው ለእህቱ አወራላቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ ለእኔ ያልተናገረውን አንድ ብርጭቆ ጭማቂ እስኪያልቅ ድረስ ተናገረው። እትዬ ቦጋለች "እኔ ልሙትልህ" እያሉ እጁን ይደባብሳሉ። በውሻው ላይ ቀንቼ ሳልጨርስ በእህቱ ላይ ቀናሁ። እንዲህ ሲያወራ ፊቱ እንዴት እንደሚያምር ረስቼው ነበር፤ ይህ ደግሞ የበለጠ አበሸቀኝ። የአቮካዶውን ክፍል ከሥር በማንኪያ እያወጣሁ በልቤ ነገ ስንት ሰዓት ላይ የኮምቦልቻ መኪና እንደሚበዛ አሰላለሁ።

ምሳ ላይ ቅቅል ቀረበ። ሥጋው ኪሎው ስንት እንደገባ ሰማን፤ በግ ስንት እንደደረሰም ሰማን። እትዬ ቦጋለች ቅልጥሙን ለወንድማቸው አወጡለት፤ እሱም ትንሽ በላ፤ መብላቱን አይተው ፊታቸው በራ። እጃችንን ሳንታጠብ ግቢያቸው ውስጥ ተከራይቶ የሚኖረው ሹፌሩ ታደለ የብስኩት ካርቶን ይዞ ገባ። ካርቶኑ ያቃስታል። እትዬ ቦጋለች ከፈቱትና አንድ ቡናማ ቡችላ አንገቱን ይዘው ምንጣፉ ላይ አኖሩት። ቡችላው ተንቀጠቀጠና ባለበት ሸና። "ይኸው ወንዴ" አሉ፣ እንደ ሠርግ ስጦታ አቅርበው። "ምትኩን ሰጠህ። ከዓይነተኛ ዘር ነው፤ ታደለ ከሐይቅ ድረስ ሄዶ ያመጣው።"

ወንድማገኘሁ ቡችላውን አየው። አልነካውም። ቅልጥሙን ትሪው ላይ አስቀመጠና እጁን ጠረገ።

"አይተካም፣ እትዬ" አለ ቀስ ብሎ። "ይመለስ።"

በሰው ቤት፣ በሰው ማዕድ፣ ታደለ ቆሞ እየሰማ መናገር እንደሌለብኝ አውቃለሁ። ተናገርኩ።

"የእኔ ልጅ ሲሆን ይተካል፤ ውሻህ ሲሆን አይተካም?" አልኩት። "በሩ ላይ ቆመህ አሜን ያልከው አንተ አይደለህም?"

ታደለ ካርቶኑን አንሥቶ ወደ ኋላው ወጣ። እትዬ ቦጋለች እንዲህ ያለ ነገር ማዕድ ላይ አይነሣም፣ ያለፈው አልፏል፣ እግዜርን ማስቀየም ነው አሉኝ። ያስቀየምሽው እግዜርን ነው ቢሉኝም የሚያዩት ወንድማቸውን ነው። እሱ ፊቱ አመድ መሰለ፤ አዲሱን ጃኬት ሳይለብስ ተነሥቶ ወጣ። እህትና ምራት ቡችላውን መሀላችን አስቀምጠን ቀረን። እትዬ ቦጋለች ጨርቅ አምጥተው የተሸናውን መጥረግ ጀመሩ፤ ልቀበላቸው እጄን ብዘረጋ ጨርቁን አልለቀቁልኝም። እሁድን መጠበቅ ምን ያደርግልኛል አልኩ። ወደዚያ የብርድ ልብስ መጋዘን ገብቼ ሻንጣዬን አወጣሁ፤ ደኅና ይሁኑ አልኳቸው። ወዴት ነሽ አላሉኝም።

እስከ መናኸሪያው ቁልቁለት ነው። ጉሙ ተነሥቶ ፀሐይ ወጥታለች፤ ባጃጆቹ መንገዱን ሞልተውት ይጮሃሉ። የኮምቦልቻ ረዳቶች ድምፅ መሰማት ሲጀምር፣ አንድ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ወንድማገኘሁን በሸሚዝ ብቻ ተቀምጦ አገኘሁት። ልሸሸው አስቤ ነበር፤ አየኝ። ከእኔ በፊት ሻንጣዬን አየ። የት ልሄድ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ዓባይነሽ ጋ አልኩት። መቼ እንደምመለስ ጠየቀኝ፤ ሻንጣዬን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩ። ነገሩ ገባው። እንዲለምነኝ ጠብቄ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እምቢ የምልበትን ቃል አዘጋጅቼ ነበር።

"አልይዝሽም" አለኝ። "ግን ቦታውን ሳትሰሚ አትሂጂ።"

"የምን ቦታ?"

"የልጃችን።"

ሻንጣውን መሬት አስቀመጥኩት። አጠገቡ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ምን ነበር ብዬ ጠየቅኩት፤ ወንድ ወይስ ሴት ማለት እንኳ አልቻልኩም። ሴት ናት አለኝ። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ በመንገዱ የሚያልፈውን ሰው ጫማ እያየ ነገረኝ። ብዙዬ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ እንደሰጠችው፣ ቦታውን ለእናቷ ትነግራትና የሴትዮዋን ሆድ ትዘጋለህ ብላ እንዳስማለችው። ቄሶቹ ክርስትና ስላልተነሣች ከቅጥሩ ውስጥ አይሆንም እንዳሉት። እድር ለእንዲህ ዓይነቱ ስለማይወጣ አብሮት የሄደ ሰው አልነበረም። ልጅቷን በአንድ ክንዱ፣ አካፋውን በሌላው ይዞ ሲወጣ የተከተለው አበጋዝ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከአንድ ጽድ ሥር ቆፈረ። አፈሩን መልሶ ሲነሣ አበጋዝ ግን አልነሣ አለው፤ ጎትቶ ነው ያመጣው። ማታውን ጅብ ሲጮህ ሲሰማ ያወጣታል ብሎ ሳይተኛ አደረ። በማግስቱ ድንጋይ ሊጨምርባት ውሻውን ይዞ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሳያያት ካደረ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ሰው የት ነህ ቢለው ውሻ ላዞር ነው ይላል። አሁን አበጋዝ ከሞተ ምን ብሎ እንደሚወጣ ጠፋው። ሴቶቹ ይተካል ሲሉ አሜን ያለውም፣ አሜን ካላለ ማልቀሱ ስለሆነ ነው፤ ካለቀሰ ደግሞ ሁሉንም ሳይነግረኝ እንደማይቀር ያውቃል።

"አበጋዝንስ የት ቀበርከው?" አልኩት።

"አጠገቧ። ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ።"

"ብቻዋን ያደረጋት ማነው?" አልኩት። "እናት የላትም?"

ይህን ሁሉ ሰምቼ ልቤ የራራ የሚመስለው ሰው ይኖራል። አልራራም። ጠዋት ከቀናሁት በላይ ቀናሁ። እኔ ዘጠኝ ወር ተሸክሜያት የማላውቀውን መንገድ ያ ውሻ ያውቀዋል። ዓመት ሙሉ ሲመሽ እግሯ ሥር ሲተኛ የኖረው እሱ ነው፤ እኔ እቤቴ ተቀምጬ ራት አሞቃለሁ። በእናቴ ጋቢ ተገንዞ ጎኗ የተኛው እሱ ነው። በባሌም ቀናሁ። ሁሉን ብቻውን ለራሱ ይዞ፣ ሐዘኑን ሁሉ በልቶ ለእኔ ትራፊ እንኳ አላስቀረልኝም። ይህንን እዚያው መንገድ ላይ፣ ባጃጁ ጩኸቴን እየዋጠው ነገርኩት። ስድብም ጨመርኩበት። መንገደኛው ሁሉ እያየን አለፈ። እሱ እያለቀሰ ይሰማኛል። እንባውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከቅርብ አየሁት።

ረዳቱ "ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ፣ አንድ ሰው" እያለ ሻንጣዬን ሊያነሣ መጣ። አልሄድም አልኩት፤ ተቆጥቶ ሄደ። ወንድማገኘሁን ነገ በመጀመሪያው መኪና ወደ መካነ ሰላም እንመለሳለን፣ ከመኪና ወርደን ቤት ሳንገባ ቀጥታ ወደዚያ ትወስደኛለህ አልኩት። እሺ አለ። እትዬ ቦጋለች ለእሁድ በግ አስበዋል አለ፤ ለእህትህ አንተ ንገራቸው አልኩት። ብዙዬ ያስማለችውን አስቦ ፈርቶ መሰለኝ አየት አደረገኝ፤ ሆዴ ቢዘጋም ይዘጋ አልኩት።

ልጠይቀው የምፈልገው ነገር ብዛቱ፤ ፀጉር ነበራት ወይ፣ ዓይኗ ተከፍቷል ወይ፣ ጣቶቿስ። አንዱም ከአፌ አልወጣም።

"ምን ታክላለች?" አልኩት በመጨረሻ።

ወንድማገኘሁ ሁለት እጆቹን ከጭኑ ላይ አነሣና ፊት ለፊታችን አየር ላይ ለካልኝ። መጀመሪያ ሰፋ አደረጋቸው፤ አሰበና ትንሽ አጠበባቸው፤ ከዚያ ግራውን፣ ራሷ ያረፈበትን መሰለኝ፣ ቀና አደረገው። ሊያወርዳቸው ሲል ከሥር ያዝኳቸው።

"ቆይ" አልኩት። "አታውርዳቸው።"